በእጅ የሚያዝ የቀለም መርጫ፤ አሠራሩና ለቤት ሥራ የሚሰጠው አገልግሎት

በአዲስ አበባ በርና መስኮት የሚሠሩ የብረታ ብረት ቤቶች ባሉበት መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ የቀለም መርጫ ሲሠራ አይቷል። አዲሱ መዝጊያ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ሠራተኛው ሽጉጥ የሚመስለውን መሣሪያ ይዞ እጁን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልስ ብረቱ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ መልኩን ይለውጣል። ልብ ብሎ ለተመለከተው ግን የእግረኛ መንገዱ ድንጋይ፣ የአጥሩ ግድግዳና የሠራተኛው ጫማ ሁሉ ያንኑ ቀለም ይዘው ይገኛሉ። በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው ከመዝጊያው ይልቅ ይህን ከመዝጊያው ውጭ የቀረውን ቀለም ነው።

ቀድሞ መርጫው ትልቅ ኮምፕሬሰር ስለሚያስፈልገው በጋራዥና በፋብሪካ ብቻ ተወስኖ ይኖር ነበር። ዛሬ ግን ሞተሩ ከራሱ ጋር የተያያዘ፣ በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ የሚሠራ፣ አንድ ሊትር ያህል ቀለም የሚይዝ ትንሽ መርጫ በየመደብሩ ይሸጣል። የቤት ባለቤትም ቀለም ቀቢ ሳይጠራ በሩንና የመጽሐፍ መደርደሪያውን ራሱ ለመቀባት ይገዛዋል። ሻጩ የሚያመሰግነው በፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነቱም እውነት ነው። ነገር ግን በብሩሽ ሲቀባ ከጣሳው የወጣው ቀለም ከሞላ ጎደል ሁሉ ከዕቃው ላይ ሲቀር፣ በመርጫ ሲቀባ ግን ከፊሉ ወደ አየር ይሄዳል። ይህ ክፍል ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድና እንዴት ሊቀነስ እንደሚችል ሳያውቁ መሣሪያውን መያዝ ለኪስም ለሳንባም አይበጅም።

በየቤቱ ለዝንብና ለትንኝ ማጥፊያ ይሠራበት የነበረውን ፍሊት የሚያስታውስ ሰው የመርጫውን መሠረታዊ አሠራር ያውቀዋል። የፍሊቱ እጀታ ሲገፋ አየር ከቱቦው ጫፍ በፍጥነት ይወጣል፤ በዚያም ስፍራ ከመድኃኒቱ ጣሳ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። ፈጣኑ አየር በቀጭኑ ቱቦ አፍ ላይ ሲያልፍ በዚያ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ፈሳሹ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከአፉም እንደ ወጣ አየሩ ይበታትነዋል። በፍጥነትና በግፊት መካከል ያለውን ይህን ግንኙነት የስዊዝ ሊቅ ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ስለ ፈሳሾች እንቅስቃሴ በሚናገር መጽሐፉ አስረድቷል።

አየሩ ፈሳሹን ለመበታተን ሁለት ተቃዋሚዎች አሉት። አንደኛው የፈሳሹ ገጽ ራሱን ሰብስቦ የሚይዝበት ውጥረት ነው፤ ሁለተኛው የፈሳሹ ውፍረት፣ ማለትም አልፈስም የሚልበት ጠባይ ነው። ቀለም ከውኃ ይልቅ እጅግ ወፍራም ስለ ሆነ ፍሊት የሚበታትነውን ያህል በቀላሉ አይበታተንም፤ ወይ ብዙ አየር ወይ ብዙ ግፊት ይፈልጋል። ሥራው ምን ያህል እንደ ሆነ በአንድ ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ቀለም የእያንዳንዱ ውፍረት 50 ማይክሮን ወደ ሆነ ጠብታ ቢለወጥ ከ15 ሚሊዮን የሚበልጥ ጠብታ ይወጣዋል፤ የጠብታዎቹም ገጽ በአንድነት ሲደመር 1,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስስና እኩል ሽፋን የሚገኘው ከዚህ ብዛት የተነሣ ነው። ቀለሙ ወደማይፈለግበት የሚበተነውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የመሣሪያው ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 በቺካጎ ከተማ ጆሴፍ ቢንክስ የሚባል የአንድ ትልቅ መደብር የጥገና ኀላፊ የምድር ቤቱን ግድግዳ ኖራ በፍጥነት ለማስቀባት በእጅ የሚገፋ መርጫ ሠራ። በዚያው ዘመን በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በቶሌዶ ይኖር የነበረው ሐኪም አለን ዴቪልቢስ ለጉሮሮና ለአፍንጫ ሕመምተኞች መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ አውጥቶ ነበር፤ ልጁ ቶማስ ይህንኑ አሳብ እ.ኤ.አ. በ1907 ወደ ቀለም መርጫነት አሻሻለው። ለሳንባ የሚያሰጋው ጉም ከጉሮሮ መድኃኒት መወለዱ የሚያስገርም ነው። ቀጥሎ በ1920ዎቹ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች በቶሎ የሚደርቀውን ቀለም በመርጫ መቀባት ሲጀምሩ፣ ቀድሞ ሳምንታት ይወስድ የነበረው የቀለም ሥራ ወደ ቀናት ወረደ። በ1949 ደግሞ ኤድዋርድ ሲሞር ቀለሙንና ገፊውን ጋዝ በአንድ ጣሳ አስገብቶ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን የሚነፋ ቀለም አወጣ።

አሁን በገበያ የሚገኙት በእጅ የሚያዙ መርጫዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በኮምፕሬሰር የሚሠራው የጋራዥ ሽጉጥ ነው፤ አየሩ በከፍተኛ ግፊት ስለሚወጣ ጠብታውን እጅግ ያደቀዋል፣ ዳሩ ግን ከዕቃው ላይ እየነጠረ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛው በዝቅተኛ ግፊት ብዙ አየር የሚነፋው ነው፤ ግፊቱ በመርጫው አፍ ላይ ከ0.7 ባር አይበልጥም። አብዛኞቹ የቤት መርጫዎች በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። እንዲያውም ቀድሞ አንዳንድ የቤት ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኖች ከሚያወጡት አየር ጋር የሚገጠም የቀለም መርጫ አብሯቸው ይሸጥ ነበር። ሦስተኛው አየር የሌለው ነው፤ ቀለሙን ብቻውን ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ ያስወጣዋል። ስለዚህ ስለ ሦስተኛው አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቃታው በተሳበ ጊዜ ጣት በቀዳዳው ፊት ቢገኝ ቀለሙ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ ከላይ ሲታይ የመርፌ ጫፍ የነካው ያህል ነው፤ በውስጥ ግን ሥጋው ይሞታል። የተጎዳው ሰው ቁስሉን ንቆ ሥራውን መቀጠል ሳይሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሄዶ በከፍተኛ ግፊት የተረጨ ቀለም እንደ ገባበት ለሐኪሙ መንገር አለበት።

እንግዲህ ቀለሙ ወዴት እንደሚሄድ እናስላ። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ በር በሁለት ወገን 3.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። እርጥብ ሳለ ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነ ሽፋን ለማልበስ 0.36 ሊትር ቀለም ይበቃል። በከፍተኛ ግፊት ከሚሠራው ሽጉጥ ከሚወጣው ቀለም ከዕቃው ላይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 35 ከመቶ ነው። 30 ከመቶ ብለን ብንይዝ ያንን 0.36 ሊትር በበሩ ላይ ለማኖር 1.2 ሊትር መርጨት ያስፈልጋል፤ 0.84 ሊትሩ ሌላ ቦታ ያርፋል ማለት ነው። ዝቅተኛ ግፊት ያለው መርጫ ግን በመልካም እጅ ሲያዝ 65 ከመቶ ያህሉን ያሳርፋል፤ የሎስ አንጀለስ አካባቢ የአየር ጥበቃ ደንብም ለመኪና ቀለም ሥራ እንደ ዝቅተኛ ልክ የያዘው ይህንኑ ቁጥር ነው። በዚህ ሒሳብ ለዚያው በር 0.55 ሊትር ይበቃል፤ የሚባክነውም ከ0.2 ሊትር ያንሳል። ቀለም በሊትር ለሚገዛ ሰው የሁለቱ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ በዚህ ስሌት አንድ ነገር ይጨመርበታል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በኮምፕሬሰሩ ወይም በመርጫው ላይ የተጻፈው የአየር መጠን ብዙውን ጊዜ በባሕር ወለል የተለካ ነው፤ እዚህ ማሽኑ በአንድ ደቂቃ ያንኑ ስፋት አየር ቢስብም የሚስበው አየር ክብደት ሩብ ያህል ይጎድለዋል። ቀለሙን የሚበታትነው ደግሞ የአየሩ ክብደትና ፍጥነት ነው። በመመሪያው መሠረት ተቀጥኖ የገባ ቀለም በተግባር ሻካራ ሆኖ ሲወጣ መሣሪያው ተበላሽቷል ከማለት በፊት ይህን ማሰብ ይገባል። መፍትሔውም የቀለሙን መውጫ ጥቂት ማጥበብና እጅን ማዘግየት ነው።

ከበሩ ያመለጠው ቀለም ሁሉ መሬት ላይ ይወድቃል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ውፍረቱ 100 ማይክሮን የሆነ ጠብታ በሰከንድ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ቶሎ መሬት ይደርሳል። 10 ማይክሮን የሆነው ግን በሰከንድ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርድ፣ ነፋስ በሌለበት ክፍል ውስጥ ከሰው አፍንጫ ከፍታ ተነሥቶ ወለሉን ለመንካት ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። 5 ማይክሮን የሆነው ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል። ቲነሩ እየተነነ በሄደ መጠን ጠብታው ይበልጥ እየቀለለና እያነሰ ይሄዳል። እነዚህ ደቃቆቹ ናቸው በአፍንጫ ጠጉር ሳይያዙ እስከ ሳንባ ውስጠኛ ክፍል የሚደርሱት። ስለዚህ ረጪው ሥራውን ጨርሶ ጭምብሉን አውልቆ ክፍሉን ሊያደንቅ ቆሞ ሳለ መተንፈሱ ከሥራው ሰዓት ያላነሰ ይጎዳዋል።

በብዙ ቦታ የምናየው ሠራተኛ ፊቱን የሚሸፍነው በሻሽ ወይም በቲ ሸርት ቁራጭ ነው። ጨርቁ ትልልቁን ጠብታ ይይዛል፤ ጢሙም ቀለም አይነካውም። ደቃቁን ጠብታና የቲነሩን ትነት ግን አያግድም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ለጠብታው ማጣሪያ፣ ለትነቱ ደግሞ የከሰል ማጣሪያ የተገጠመለት፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ጭምብል ነው። በቀለም ቀቢዎችና በብየዳ ሠራተኞች ዘንድ ከሥራ በኋላ ወተት የመጠጣት ልማድ መኖሩ ይታወቃል፤ ወተት መርዙን ያወርዳል ይባላል። ወተት መልካም ምግብ ስለ ሆነ ጠጪውን አንነቅፍም። ነገር ግን የተዋጠ ወተት ወደ ጨጓራ ይወርዳል፤ የተተነፈሰው ቀለም ያለው በሳንባ ነው፤ ሁለቱ መንገዶችም ከጉሮሮ በታች አይገናኙም። በእኛ አስተያየት የልማዱ ጉዳት በወተቱ ሳይሆን አሠሪው የወተት ገንዘብ ሲከፍል ስለ ሠራተኛው ጤና ያለበትን ግዴታ የፈጸመ መስሎ ስለሚታየው ነው።

ማጠንከሪያ ተጨምሮበት የሚረጨውን የመኪና ቀለም በቤት ውስጥ ጨርሶ ባይነኩት ይሻላል። በብዙዎቹ ማጠንከሪያዎች ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ አንድ ጊዜ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ከባድ አስም ያስነሣል። ይህን ቀለም የሚረጩ ሠራተኞች ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ጭምብል ሊኖራቸው ይገባል።

አሁን ወደ ቤቱ ሥራ እንለፍ። መርጫው ለሁሉ ሥራ አይሆንም። ከሁሉ የበለጠ የሚያምርበት ሰፊና ለስላሳ ገጽ ነው፤ የላሜራ በር፣ የቁም ሣጥን መዝጊያ፣ ጠረጴዛ። ብሩሽ ገብቶ የማይወጣበትንም፣ እንደ ቀርከሃ ወንበርና እንደ ተቀረጸ እንጨት ያለውን፣ ያለ ድካም ይቀባል። ቆርቆሮ አጥርም ሸንተረሩ ብሩሽን ስለሚያስቸግር ለመርጫ የተመቸ ነው። በመስኮት ፍርግርግ ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቀጫጭኑን ብረት በብሩሽ ማዳረስ አሰልቺ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በመርጫ ሲቀባ አብዛኛው ቀለም በብረቶቹ መካከል አልፎ ይሄዳል። እንግዲህ ፍርግርጉ ገና ሳይተከል ከሆነ ከበስተኋላው ካርቶን አቁሞ መርጨት ይቻላል፤ ተተክሎ ካለቀ በብሩሽ መቀባት ይሻላል።

ሰው በሚኖርበት ቤት አንድ ግድግዳ ብቻ ለመቀባት መርጫ ማንሣትም ትርፍ የለውም። ወለሉን፣ መስኮቱን፣ የመብራት ማብሪያውንና የዕቃውን ሁሉ ገጽ በጋዜጣና በፕላስተር መሸፈን ከቅቡ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ በሮለር የሚሠራው ሰው በዚያ ጊዜ ጨርሶ እጁን ይታጠባል። ቤቱ አዲስና ባዶ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ለጭቃ ቤት ኖራ መርጨት፣ ቢንክስ የጀመረው ሥራ ቢሆንም፣ በትንሹ የቤት መርጫ አይሞከርም፤ የኖራው ደለል ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ጉሙም ዐይንን ያቃጥላል። በግቢ ውስጥ በሚረጭበት ጊዜ ደግሞ የነፋሱን አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን ጎረቤት ያሰጣውን ማየት ያስፈልጋል። ልብስ ታጥቦ ይለቅ ይሆናል፤ የተሰጣ በርበሬና ጤፍ ግን ሲንተቲክ ቀለም ከነካው ከመድፋት በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም።

ስለ እጅ አያያዝ ጥቂት እንናገር። ቀለሙ መጀመሪያ በቀጭን ናይለን ስቶኪንግ ይጠለላል፤ ምክንያቱም የደረቀ ቅርፊት አንድ ፍንካች ሥራውን ሁሉ ያስቆማል። ከዚያ ውፍረቱ ይለካል። ለዚህ ከታቹ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ጽዋ ከመሣሪያው ጋር ይሰጣል፤ በቀለም ሞልቶ ፈስሶ እስኪያልቅ ሰከንድ ይቆጠራል። በተለመደው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ጽዋ ውኃ በ10 ሰከንድ ገደማ ይፈስሳል፤ ለቀለሙ የሚፈለገው ሰከንድ ከመመሪያው ላይ ይነበባል። ፕላስቲክ ቀለም በውኃ፣ ሲንተቲክ በራሱ ቲነር ይቀጥናል። ከሚገባው በላይ ያቀጠነ ሰው የጨመረው ፈሳሽ እንጂ ቀለም አለመሆኑን ግድግዳው ይነግረዋል።

መርጫው እንደየዓይነቱ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይያዛል። ቢቀርብ ቀለሙ ተጠራቅሞ ይወርዳል፤ ቢርቅ ጠብታው መንገድ ላይ ደርቆ ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ጀማሪው የሚስተው ግን ከርቀቱ ይልቅ ክንዱን ነው። ቆሞ የእጅ አንጓውን ብቻ የሚያዞር ሰው መካከሉን በ25 ሴንቲ ሜትር ይረጭና 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ሲደርስ ርቀቱ 47 ሴንቲ ሜትር ይሆንበታል፤ ስለዚህ ጠርዙ ይሳሳል። መርጫው ከገጹ ጋር ትይዩ ሆኖ እንዲሄድ ረጪው ከነትከሻው መንቀሳቀስ አለበት። እጁ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ ቃታው ይሳባል፤ እጁ ሳይቆም ቃታው ይለቀቃል። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርባል። የወባ መከላከያ ሠራተኞች ይህን ጥበብ በሌላ መልክ ያውቁታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የመርጫቸው አፍ ከግድግዳው 45 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ፣ የሚረጩት መስመር 75 ሴንቲ ሜትር እንዲሰፋና 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲደራረብ ይደነግጋል። እነርሱ የሚፈልጉት የተመጠነ መድኃኒት በእኩል እንዲያርፍ ስለ ሆነ ድርቡን ያሳንሳሉ፤ ቀለም ረጪው ግን የመስመሩ ዳርና ዳር ስለሚሳሳ መደረብ ግድ ይሆንበታል።

ወቅቱም ይታሰብበታል። በክረምት በቶሎ የሚተን ቫርኒሽ ሲረጭ ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ በዚያ ላይ የአየሩ እርጥበት እንደ ጤዛ ያርፍና ነጭ ጭጋግ ይተዋል። በበጋ እኩለ ቀን ደግሞ ፀሐይ የበላው ላሜራ ጠብታውን ሳይዋሐድ ያደርቀዋል። ስለዚህ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ያለው ሰዓት የተሻለ ነው።

ከመርጨቱ በፊት የድሮውን ቀለም ማሻከር የተለመደ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቆዩ በሮችና መዝጊያዎች ላይ ያለው ቢጫና ብርቱካንማ ቀለም፣ በተለይም ከሥር የተቀባው የዝገት መከላከያ፣ ብዙ ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ነው። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የማያደርስ መጠንም አልተገኘለትም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ከልክሏል፤ ደንቡ ግን ከዚያ በፊት የተቀባውን በር አይፍቀውም። እንዲህ ያለው በር በደረቁ አይፋቅም፤ በውኃ እየራሰ በውኃ በማይበላሽ የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ የወጣውም ጭቃ በጨርቅ ተጠርጎ ይወሰዳል እንጂ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አይደፋም።

ሲንተቲክ ቀለም በሚረጭበት ጊዜ በአቅራቢያ እሳት አይኖርም። ይህ የታወቀ ነገር ቢመስልም በቤታችን ለቡና የተያያዘ ከሰል በሌላው ክፍል ቢሆንም እሳት መሆኑ ይረሳል፤ የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ እየተሳበ ከሰሉ ድረስ ይሄዳል። የመርጫው ሞተር ራሱም ብልጭታ ያወጣልና መመሪያው የማይፈቅደው በቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ በውስጡ አይጨመርም።

በመጨረሻ መሣሪያው ሳይደርቅ ወዲያው ይታጠባል። ፕላስቲክ ቀለም ከነበረ ለብ ያለ ውኃ፣ ሲንተቲክ ከነበረ ቲነር በጽዋው ተሞልቶ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ይረጫል፤ ከዚያም መርፌውና አፉ ተፈትተው በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳሉ። ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር ክቡን ያጣምመዋል፤ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ይበቃል። የታጠበበት ቲነር ወደ ቦይ አይደፋም፤ በተከደነ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ቢቀመጥ ቀለሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠራውም ለሚቀጥለው ሥራ የመጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል።